የወታደራዊ አውሮፕላን ሬዲዮ ማድመጥ፦ የጀማሪ ስካነርን ማሻሻል

የወታደራዊ አውሮፕላኖችን የሬዲዮ ንግግር ማድመጥ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ተከታይ ያለው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ዋናው መሣሪያ ስካነር ይባላል፤ ቻናሎችን በፍጥነት እየቃኘ ድምፅ ያገኘበት ላይ የሚቆም መቀበያ ነው። ስካነር ይሰማል እንጂ አያስተላልፍም። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ በእጅ የሚያዝ ርካሽ ስካነር ገዝቶ የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወዲያው ይሰማል፤ ወታደሮቹ ግን ዝም ያሉ ይመስሉታል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ውድ ስካነር ወደመግዛት ያዘነብላል። ገንዘቡ አስቀድሞ መዋል ያለበት ግን አንቴናና ኬብል ላይ ነው።

የሲቪል አብራሪዎች በአብዛኛው የሚነጋገሩት ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው የሞገድ ክልል ነው። የአሜሪካና የሌሎች የኔቶ አገሮች ወታደራዊ አውሮፕላኖች ዋና መገናኛ ደግሞ ከ225 እስከ 400 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል ነው። የሲቪሉ የአደጋ ጥሪ 121.5፣ የወታደሩ ደግሞ ልክ እጥፉ፣ 243.0 ሜጋኸርዝ ነው። ሁለቱም ወገኖች ለተራ ንግግር የሚጠቀሙት ኤኤም ነው። በኤፍኤም ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢናገሩ ጠንካራው ደካማውን ሙሉ በሙሉ ሊውጠው ይችላል። በኤኤም ግን ሁለቱ ድምፆች ተደራርበው ስለሚሰሙ ተቆጣጣሪው ሌላም ጠሪ እንዳለ ያውቃል።

ስለዚህ በመጀመሪያ መጣራት ያለበት ስካነሩ የወታደሩን ክልል በኤኤም ይቀበል እንደሆነ ነው። በጀማሪዎች ዘንድ የታወቀው የዩኒደን ቤርካት ቢሲ125ኤቲ ከ225 እስከ 380 ሜጋኸርዝ ይቀበላል፤ ከ380 እስከ 400 ያለውን ግን ይዘልላል። በአሜሪካ ይህ ጉድለት ብዙ አይጎዳም፤ የተዘለለውን ክልል በብዛት የያዙት የጦር ሰፈሮች የምድር ሬዲዮዎች ናቸው።

ከስካነሩ ጋር የሚመጣው አጭር የጎማ አንቴና ለሁሉም ክልል እንዲሆን የተሠራ በመሆኑ ለአንዱም በደንብ አይመችም። የ300 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 1 ሜትር ነው፤ የሩብ ሞገድ አንቴና ርዝመት እንግዲህ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የሚሳብና የሚታጠፍ አንቴና ገዝቶ በዚህ ልክ ዘርግቶ ቀጥ አድርጎ ማቆም ከሁሉም ማሻሻያ ርካሹ ነው፤ ልዩነቱም ወዲያው ይሰማል። ቤት ላለው ሰው ጣሪያ ላይ የሚሰቀል ዲስኮን አንቴና ይሻላል፤ ሰፊ ክልል ይሸፍናል፣ ከሁሉም አቅጣጫም ይቀበላል።

የከፍታ ነገር በደንብ መታወቅ አለበት። በዚህ ክልል ያለ ሞገድ ከሞላ ጎደል በቀጥታ መስመር ይጓዛል። አሥር ሺህ ሜትር ላይ የሚበር አውሮፕላን፣ አድማሱ ክፍት ለሆነለት አድማጭ እስከ 400 ኪሎ ሜትር ርቀት ሊሰማ ይችላል። በአንጻሩ አሥር ኪሎ ሜትር ላይ ያለ የመቆጣጠሪያ ማማ ኮረብታ ወይም ፎቅ ከከለለው ላይሰማ ይችላል። አብራሪው እየተሰማ ተቆጣጣሪው ዝም ያለ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ የስካነሩ ጥፋት አይደለም።

አንቴናው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ኬብሉ ተራ ከሆነ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። አርጂ-58 የተባለው ቀጭን ኬብል በ30 ሜትር ርዝመት፣ በ400 ሜጋኸርዝ ላይ፣ ከምልክቱ ኃይል ለስካነሩ የሚያደርሰው ከአሥር አንድ ገደማ ነው። ወፍራሙ ኤልኤምአር-400 በዚያው ርዝመት ከግማሽ በላይ ያደርሳል። የምልክት ማጉያ የሚገዛ ሰውም ከኬብሉ በፊት፣ እዚያው አንቴናው ሥር ይትከለው፤ በኬብሉ መጨረሻ ላይ ከተተከለ የሚያጎላው ምልክቱን ከነጫጫታው ነው። በኤፍኤም ጣቢያዎች አቅራቢያ የሚኖር ሰው ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ የሚያግድ ማጣሪያ ያስፈልገዋል፤ አለዚያ የዘፈን ጣቢያዎቹ መቀበያውን ያጨናንቁታል።

ሁለተኛው ትልቅ እርምጃ በኮምፒውተር የሚሠራ መቀበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ ለቴሌቪዥን የተሠሩ ርካሽ የዩኤስቢ መቀበያዎች በሶፍትዌር ወደ ሰፊ ክልል ሬዲዮ መለወጥ እንደሚችሉ ታወቀ። የወታደራዊው ክልል በ25 ኪሎኸርዝ ልዩነት ሲከፈል 7,000 ቻናል ይወጣዋል። በሰከንድ መቶ ቻናል የሚፈትሽ ስካነር ሁሉንም አንድ ጊዜ ለመዞር 70 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ የአብራሪ ንግግር ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። እነዚህ የዩኤስቢ መቀበያዎች 2.4 ሜጋኸርዝ ያህል፣ ኤርስፓይ አር2 የተባለው መቀበያ ደግሞ 10 ሜጋኸርዝ በአንድ ጊዜ በስክሪን ላይ ያሳያሉ። የኋለኛው 400 ቻናል በአንድ እይታ ማለት ነው። ያልታወቀ ቻናል ማደን ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም።

ሌላ ርካሽ የዩኤስቢ መቀበያ በ1090 ሜጋኸርዝ ላይ የአውሮፕላኖችን መለያ ኮድ ሊያነብ ይችላል። ብዙ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ያሉበትን ቦታ ባያሰራጩም መለያቸውና ከፍታቸው ይታያል፤ አድማጩም ጆሮውን መቼ እንደሚያዘጋጅ ያውቃል።

ሐበሻ በብዛት በሚኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለዚህ ሥራ የተመቸ ሰማይ አለ። የፕሬዚዳንቱን አውሮፕላን የሚያበርረው 89ኛው ኤርሊፍት ዊንግ የሚገኘው ሜሪላንድ ውስጥ ባለው የአንድሩስ የጦር ሰፈር ነው፤ የጦር ሄሊኮፕተሮችም በአካባቢው ይመላለሳሉ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 በሬገን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተርና የመንገደኛ ጄት ተጋጭተው 67 ሰዎች ሞቱ። ተቆጣጣሪው ሁለቱን ያነጋገረው በተለያዩ ቻናሎች ስለነበረ አንዱ አብራሪ የሌላውን ንግግር አይሰማም ነበር። የአንድ ማማ ንግግር በብዙ ቻናል እንደሚከፈል፣ አንዱን ብቻ የያዘ አድማጭም ሙሉውን ታሪክ እንደማያገኝ ይህ መራራ ማስረጃ ነው።

የትኛውም ማሻሻያ የማይከፍታቸው በሮችም አሉ። ሃቭ ኩዊክ የተባለው ዘዴ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ቻናል ይቀያይራል፤ የተመሰጠረ ንግግርም ለአድማጭ ጫጫታ ብቻ ነው። በ8992 እና በ11175 ኪሎኸርዝ ያለው የአሜሪካ አየር ኃይል የረጅም ርቀት መረብ ግን ግልጽ ነው፤ የአጭር ሞገድ መቀበያና ረጅም ሽቦ ይፈልጋል።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. የ1986ቱ የፌዴራል ሕግ ያልተመሰጠረ የአቪዬሽን ንግግር ማድመጥን ይፈቅዳል፤ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ግን ስካነርን መኪና ውስጥ ይከለክላሉ። በብሪታንያ ለአድማጩ ያልታሰበን መልእክት ያለ ፈቃድ ማድመጥ እ.ኤ.አ. በ2006ቱ ሕግ ወንጀል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በግሪክ ካላማታ፣ በ2015 ደግሞ በኤምሬትስ ፉጃይራ፣ አውሮፕላን ሲመለከቱና ሲመዘግቡ የተገኙ የእንግሊዝ ዜጎች ታስረዋል። በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው እ.ኤ.አ. በ2019 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩም ሆነ ወደ አገር ቤት የምትጓዙ፣ ስካነሩን ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት የምትሄዱበትን አገር ሕግ ጠይቁ።