ፈረስ የማይቆጥረው ኮምፒውተር

እስቲ በገበያ ቀን አጋርፋ መግቢያ ላይ ቆማችሁ የሚያልፈውን ቁጠሩ። ጋቢ የደረበ ፈረሰኛ፣ ገብስ የተጫነች አህያ፣ ቅቤ በቅል ያዘለች እናት፣ ባጃጅ፣ ከዚያ አቧራውን የሚያጨስ አይሱዙ። ከእነዚህ ውስጥ አስፋልት የሚያስጠጋው የቱ ይመስላችኋል? አይሱዙ ያላችሁ ልክ ናችሁ። የነገሩ መነሻ ግን ባሌ ሳይሆን ኬንያ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ።)

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የዓለም ባንክና የእንግሊዝ የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ ኬንያ ውስጥ መኪና መንገድን እንዴት እንደሚጎዳ፣ የተጎዳ መንገድ ደግሞ ስንት ነዳጅ፣ ጎማና መለዋወጫ እንደሚበላ ለኩ። ከዚያ ልኬት የኮምፒውተር ሞዴሎች ተወለዱ፤ ኤችዲኤም-3 በ1987፣ ኤችዲኤም-4 በ2000 ወጡ። የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣንም (የዛሬው አስተዳደር) የአዋጭነት ጥናቶቹን በኤችዲኤም-4 ሲያሠራ ቆይቷል። ስሌቱ መንገዱ ቢሠራና ባይሠራ የሚኖረውን የሃያ ዓመት ገደማ ወጪ ያነጻጽራል። ትርፉ በአመዛኙ ባለመኪናው የሚድንለት ወጪ ነው። ለዚህ ነው በየዓመቱ ሰዎች መንገድ ዳር ተቀምጠው መኪና የሚቆጥሩት።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። መንገድ ከሌለ መኪና አይመጣም፤ መኪና ካልመጣ የሚቆጠር የለም፤ የሚቆጠር ከሌለ መንገዱ “አያዋጣም”። ኤችዲኤም-4 ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለጋሪ ቦታ አበጅቷል፣ አልክድም። ነገር ግን የሰው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚተመነው በገቢው ልክ ነው። ቅቤ ያዘለችው እናት ግማሽ ቀን ብትሄድም ስሌቱ ላይ የምትጨምረው ሳንቲም ነው።

ሞዴሉን እንወርውረው ማለቴ ግን አይደለም። በ1997 የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር አገሪቱ የነበራት መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለው ደግሞ 22 በመቶው። ያኔ እኔ ብሆንም ኮምፒውተሩን እጠይቅ ነበር። አለዚያ መንገድ የሹም አገር እየፈለገ ይሄዳል።

ከ2010 ወዲህ ግን ጥያቄው ራሱ ተቀየረ። ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም “ስንት መኪና ያልፋል?” ማለቱን ትቶ “ቀበሌው ከክረምት ከበጋ መንገድ ምን ያህል ይርቃል?” አለ። እኔ ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው ባይ ነኝ። አፈጻጸሙ ሌላ ነው፤ በጥድፊያ ተቆፍረው ድልድይና ቱቦ ሳይገባላቸው የቀሩ መንገዶች በየክልሉ ሞልተዋል። ሪፖርቱ ላይ ቀበሌው “ተገናኝቷል”፤ ሐምሌ ላይ ወንዙ ሲሞላ ግን የሚሻገረው ያው ፈረሱ ነው።