የናይሮቢ አዳኞችና የከሸፈው ጥይት

እ.ኤ.አ. በ1899 የኡጋንዳው ምድር ባቡር ሠራተኞች በሰፈሩበት ረግረጋማ ሜዳ ላይ የተቈረቈረችው ናይሮቢ፥ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ለዝሆንና ለጎሽ አደን የሚመጡ መሳፍንትና ባለጸጎች መናኸሪያ በሆነችበት ዘመን፥ እነርሱን እየመሩ ወደ ዱር የሚያወጡት ባለሙያ አዳኞች ከጠመንጃው ጌጥ አስቀድመው የሚመረምሩት የጥይቱን ጠባይ ነበር። የእንግሊዝ ጥይት ሠሪዎች ቀለሃውን የሚሞሉበት ኮርዳይት የተባለው ባሩድ፥ ናይትሮግሊሰሪንና የፈንጂ ጥጥ ከጥቂት ቫዝሊን ጋር ተዋሕደው የሚሠራ በመሆኑ፥ የቆላ ሐሩር ሲጸናበት ግፊቱ ከልክ አልፎ ቀለሃውን ከጠመንጃው ሆድ ውስጥ ያጣብቀዋል፤ ሁለተኛውን ጥይት ማጉረስ ለተሳነው ሰው ደግሞ በፊቱ የቆመው ዝሆን ጊዜ አይሰጠውም። ስለዚህም እንደ .470ው ያሉ፥ ቀለሃቸው ከ8 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ሰፋፊ ጥይቶች ተሠሩ፤ ባሩዱ በቂ ስፍራ አግኝቶ ግፊቱ ስለሚለዝብ፥ በበረሃም ቢሆን ቀለሃው በቀላሉ ይወጣ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1934 በናይሮቢው ኖርፎክ ሆቴል የተመሠረተውና ፊሊፕ ፐርሲቫልን ቀዳሚ ሊቀ መንበሩ ያደረገው የምሥራቅ አፍሪካ ባለሙያ አዳኞች ማኅበር፥ አባሎቹ ያቈሰሉትን አውሬ ትተው እንዳይመለሱ በክብር ግዴታ ያስራቸው ነበር። በኋላ በደካማ ጥይት የመጣባቸው መከራ የከበደው ከዚህ ግዴታ የተነሣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1956 የአሜሪካው የዊንቸስተር ፋብሪካ .458 ማግነም የተባለውን ጥይት አወጣ። 32 ግራም የሚመዝነውን እርሳስ በሰከንድ 650 ሜትር ያህል ይወረውራል ተብሎ ስለ ተነገረለት፥ ጠመንጃውም ከእንግሊዙ ባለ ሁለት አፈሙዝ እጅግ የረከሰ ስለ ነበረ፥ ከዚያም ወዲያ በ1960ዎቹ ኪኖክ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ታላላቆቹን ጥይቶች መሥራቱን እየተወ በመሄዱ፥ ብዙዎች ወደዚህ ዞሩ። ነገር ግን ቀለሃው አጭር፥ 63 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ የተባለውን ፍጥነት ለማግኘት ባሩዱ ተጠቅጥቆ ይሞላ ነበር፤ የተጠቀጠቀውም ባሩድ በሙቀትና በዘመን ብዛት እንደ ጓል እየረጋ፥ ቃታው ሲሳብ ከፊሉ ሳይነድ ይቀርና እርሳሱ ደክሞ ይወጣ ጀመር።

እኔ እንደማምነው የዚህ ጥይት ክፋቱ ፈጽሞ ከመክሸፍ ይልቅ በግማሽ ኃይል መተኮሱ ነው። ፈጽሞ የከሸፈ ጥይት አዳኙን ወዲያው ያስጠነቅቀዋል፤ አውሬውም ሳይቈስል ይሄዳል። ደክሞ የወጣው እርሳስ ግን በዝሆኑ የራስ ቅል አጥንት ውስጥ አንጎሉ ሳይደርስ ይቆማል፤ አዳኙም ዒላማዬን ስቼ ይሆን እያለ ኅሊናውን ሲወቅስ፥ የቈሰለውን አውሬ ተከትሎ ጥሻ ውስጥ መግባት ግዴታው ይሆናል፤ በዝናሩ የቀሩት ጥይቶችም ከዚያው ፋብሪካ የወጡ ናቸው። በሩቅ አገር በፋብሪካ ጠረጴዛ ላይ የተፈጸመ ጥፋት በአዳኙና በዱካ ፈላጊው ነፍስ መከፈሉ አሁንም ያሳዝነኛል።

አሜሪካዊው ጃክ ሎት እ.ኤ.አ. በ1959 በሞዛምቢክ ይህንኑ ጥይት ይዞ ሳለ ጎሽ ክፉኛ ስለ ጎዳው፥ ነገሩን ሲያሰላስል ቈይቶ በ1971 ቀለሃውን ወደ 71 ሚሊ ሜትር አስረዝሞ ባሩዱ ሳይጨነቅ የሚያድርበትን ስፍራ ሰጠው። የዊንቸስተርም ጥይት በኋላ ተሻሻለ፤ በኬንያ ግን መንግሥት እ.ኤ.አ. በግንቦት 1977 አደንን ፈጽሞ ስለ ከለከለ፥ የናይሮቢው ማኅበር በዚያው ዓመት ፈረሰ።