ማዳድ፣ ዶላርና የቤታችን ዕዳ



በ1990ዎቹ መጨረሻ በቤር ሼቫ ታሃና መርካዚት ምሰሶዎች ላይ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ይለጠፍ ነበር። ዕብራይስጡን ለወላጆቻችን የምናነብላቸው እኛ ልጆቹ ነበርን። «ዋጋው በዶላር ነው» ስንላቸው፣ «እኛ ደሞዝ የምንቀበለው በሼቄል፤ አሜሪካን ምን አገባት?» ይሉናል። መልስ አልነበረንም። ዛሬ በማኅበራዊ ሥራ ላይ ሆነን ያንኑ ጥያቄ ከአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ስለምንሰማ ነገሩን ከሥሩ እንተርከው።

ከ1973ቱ የዮም ኪፑር ጦርነት በኋላ የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ ናረ፤ የእስራኤል መንግሥት ወጪም ከገቢው በላይ ሆነ። ከ1979 እስከ 1984 የኑሮ ውድነት በየዓመቱ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። በ1984 ብቻ ጭማሪው 445 በመቶ ነበር፤ በዓመቱ መግቢያ 100 ያወጣ የነበረ ዕቃ በዓመቱ ማብቂያ 545 ገባ ማለት ነው። በ«ዘመቻ ሙሴ» ከሱዳን የመጡት ወገኖቻችን ይህችን አገር የረገጡት ልክ በዚያ ዓመት መጨረሻ ነው። ብር ያውቁ የነበሩ ሰዎች፣ በሳምንቱ ዋጋው የሚለወጥ ገንዘብ እጃቸው ገባ።

ባለቤቶች ቤታቸውን በዶላር መጥራት የለመዱት ያኔ ነው። አበዳሪዎችም ተምረዋል። በ1970ዎቹ ከዋጋ ጋር ያልተያያዘ ብድር የወሰደ ሰው ዕዳው በኑሮ ውድነት ሟሙቶለት ቤቱን በርካሽ አገኘ፤ የከሰረው አበዳሪው ነው። ስለዚህ ማሽካንታ ከማዳድ ጋር፣ ማለትም በየወሩ ከሚወጣው የዋጋ መለኪያ ጋር ታሰረ።

በሐምሌ 1985 የሺሞን ፔሬስ መንግሥት ዋጋንና ደሞዝን አገደ፣ ወጪውን ቀነሰ፤ በመስከረም 1000ው አሮጌ ሼቄል አንድ አዲስ ሼቄል ሆነ። በሽታው በረደ። መድኃኒቱ ግን፣ ማለትም ማሰሪያው፣ ሳይወልቅ ቀረ።

በ1990 እና በ1991 ከሶቪየት ኅብረት ከ330 ሺህ በላይ ሰው ሲገባ ቤት ጠፋ፤ ዋጋውም ወጣ። ከኛም ብዙዎች እዚሁ ቤር ሼቫ አጠገብ በናሐል ቤቃ ካራቫን ውስጥ ከረሙ። በ1993 ለኢትዮጵያ ዖሊም የተሰጠው ልዩ ማሽካንታ አብዛኛው ስጦታ ስለነበር ብዙ ቤተሰብ ከካራቫን አውጥቷል፤ ይህን አንክድም። ጣሪያ ስለነበረው ግን የሚበቃው በርካሽ ሰፈር ለሚገኝ አሮጌ ቤት ነበር። በዚያ ላይ ማዳድ በ1994 በ14.5 በመቶ ጨመረ፤ ከማዳድ ጋር የታሰረ የ100,000 ሼቄል ዕዳ፣ ካልተከፈለ፣ በዓመቱ ያለ ወለድ 114,500 ይሆናል።

የዶላሩ ነገር ደግሞ ከሩቅ አገር ይነሣል። በነሐሴ 1998 ሩሲያ ዕዳዋን መክፈል ሲያቅታት፣ በጥቅምት ሼቄል ወደቀ፤ እዚህ ኪራዩን በዶላር የሚከፍል የፋብሪካ ሠራተኛ ሞስኮን ሳያውቃት ኪራዩ ጨመረበት። በ2002 አንድ ዶላር ወደ 5 ሼቄል ተጠጋ። በ2008 ወደ 3.3 ገደማ ሲወርድ አከራዮቹ ራሳቸው ዶላርን ተዉት። ሲወጣ ግን ማንም አልተወውም ነበር!

ወለዱም እንዲሁ ነው። ዓለም አቀፉ ውድነት ሲመጣ የእስራኤል ባንክ ወለዱን በ2022 መጀመሪያ ከነበረበት 0.1 በመቶ በ2023 ወደ 4.75 አወጣው፤ ብድራቸው ከዚህ ወለድ ጋር የሚንቀሳቀስ ሰዎች ወርኃዊ ክፍያቸው ወዲያው አደገ። ለቤት ብለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብር ያስቀመጡም አሉ። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 አለፈ።

በቅርቡ አንዲት እናት እዚያው ታሃና መርካዚት አውቶቡስ ስንጠብቅ ውል ከቦርሳቸው አወጡ። በዕብራይስጥ «ጻሙድ» የሚለውን ቃል አሳየናቸው። «ጥማድ ማለት ነዋ! እንደ በሬ?» አሉ። አዎ፣ ሥሩ አንድ ነው። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «እንግዲያው ከምን ጋር ነው የጠመዱኝ?» አሉን። ሦስተኛው ገጽ ላይ አገኘነው፤ ከማዳድ ጋር ነበር።