በውሃ የተጀመረው የነገሌ ቦረና ጥያቄ

ወታደር ከሥራው ምን ይፈልጋል? ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ «ደመወዝ» ይላል። የንጉሡ መንግሥትም ያሰበው እንደዚሁ ነበር። ዙፋኑን ካሳጡት ነገሮች አንዱ ይኸው አስተሳሰብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የሰፈሩ የምድር ጦር ወታደሮች አዛዦቻቸውን ያዙ። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቷል፤ ምግቡም የሚበላ አልነበረም። እዚያው ሰፈር ውስጥ ግን መኮንኖቹ የራሳቸው ውሃ ነበራቸው። ወታደሮቹ ከዚያ ለመቅዳት ቢጠይቁ ተከለከሉ። ቦረናን በበጋ የሚያውቅ ሰው ውሃ መከልከል ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ንጉሡ ነገሩን እንዲያበርዱ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ እሳቸውንም ያዟቸው። ከዚያም እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ እነሱ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ጄኔራሉ ታመሙ።

ልብ በሉ! ጥያቄው እዚያ ሳህን ላይ ነበር። ወታደሩ ችግርን አልጠላም። በረሃ፣ ጥማት፣ ሞትም ቢሆን ሲቀጠር የሚያውቀው ነው። ያንገበገበው ጥማቱ ለእሱ ብቻ መሆኑ ነው።

መንግሥት ግን ነገሩን በብር ተረጎመው። ለዚህም ምክንያት ነበረው። ከታኅሣሥ 1953ቱ የክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ዙፋኑን ያተረፈው ጦር ደመወዝ እንዲጨመርለት ጠይቆ ተጨምሮለት ነበር። ያኔ የሠራ መድኃኒት አሁንም ይሠራል ተባለ። ለነገሌዎቹ ተስፋ ተሰጣቸው። ብዙም ሳይቆይ የደብረ ዘይት አየር ኃይል ተነሣ፣ የካቲት 18 ደግሞ አስመራ ያለው ሁለተኛ ክፍለ ጦር። ደመወዝ ተጨመረ፤ ጥያቄው ግን አልቆመም። የካቲት 20 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ።

እርግጥ ነው፣ አብዮቱን ያመጣው የነገሌ ውሃ ብቻ አይደለም። የወሎ ረሃብ አለ፣ የመሬት ጥያቄ አለ፣ የተማሪው፣ የመምህሩና የታክሲ ነጂው አድማ አለ። ደመወዝም ቀላል ነገር አይደለም፤ የበታች ወታደር ልጆቹን የሚያሳድገው በእሱ ነው። ነገር ግን ደመወዝ ሰውን ሰፈር ውስጥ ያቆየዋል እንጂ አዛዡን አያስከብርም። አዛዥ የሚከበረው ከወታደሩ ጋር አብሮ ሲጠማ፣ ፍርዱም የቀና ሲሆን ነው።

የሚያሳዝነው፣ ከዚያው ወታደር መሐል የወጣው ደርግ ይህን መርሳቱ ነው። በ1980 ዓ.ም. የጦሩን አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔን ረሸነ። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ናደው ዕዝ አፋቤት ላይ ተደመሰሰ። የሽንፈቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ሆኖም የገዛ መንግሥቱ አዛዡን ሲገድልበት ያየ ወታደር በምን ልቡ ይዋጋል?

የጦር ሠራዊት ጥንካሬ የሚለካው በታንክና በመድፍ ቁጥር ነው የሚል ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ወደ ሰፈሩ ይግባና አንድ ነገር ይጠይቅ፦ አዛዡና ወታደሩ የሚጠጡት ከአንድ ጉድጓድ ነው?