የኋላው አክስል ምስክርነት

ያገለገለ የዐዋቂ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ከመሪው በታች የሚለጠፈውን የፋብሪካ ምልክት ነው። ምልክቱ ከጠፋም በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን እየፋቀ ስም ያድናል። ለባለ ሁለት ጎማ ይህ ያስኬድ ይሆናል፤ ለባለ ሦስት ጎማ ግን፣ በተለይ እንግሊዝ ለተሠራው፣ ፍለጋው ከተሳሳተ ቦታ ተጀመረ ማለት ነው። ከፊት ሲታይ እንደማንኛውም ብስክሌት ነው፤ መሪው፣ ቴላዮው፣ ኮርቻው ከሌላው የሚለይበት ነገር የለም። ማንነቱ ያለው ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በሚያገናኘው አክስል ላይ ነው። ዕድሜውን የሚጠይቅም፣ የሚጠግነውም ከዚያ መጀመር አለበት እላለሁ። ይህን የምለው የዚህ ተሽከርካሪ ታሪክ ከመነሻው የዚያ አክስል ታሪክ ስለሆነ ነው።

ታሪኩ የሚወስደን ወደ ኮቨንትሪ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብሪታንያ በ1860 ከፈረንሳይ ጋር የንግድ ውል ስትፈራረም የፈረንሳይ ሐር ያለ ቀረጥ ገባ፤ የኮቨንትሪ የሪባን ሸማኔዎችም ሥራ ፈቱ። ከተማዋ ፊቷን ወደ ስፌት መኪና፣ ብዙም ሳትቆይ ወደ ብስክሌት አዞረች። የዚያ ዘመን ብስክሌት ፊተኛው ጎማ የሰው ደረት የሚደርስ፣ ኋለኛው ትንሽ ነበር፤ ጎማው ድንጋይ ከነካ ነጂው በግንባሩ ይተከላል። ረጅም ቀሚስ ለለበሰች ሴትም፣ ዕድሜው ለገፋ ሐኪም ወይም ቄስም የማይታሰብ ነበር። ከስፌት መኪናው ሥራ የመጣው ጄምስ ስታርሊ በ1870ዎቹ አጋማሽ በእግር መግፊያ ዘንግ የሚሄድ ባለ ሦስት ጎማ ሲያወጣ ለእነዚህ ሰዎች መንገዱን ከፈተላቸው። በእርግጥ ሦስት ጎማ የስታርሊ ፈጠራ አይደለም፤ ኑረምበርግ አጠገብ ባለችው አልትዶርፍ መራመድ የማይችለው ሰዓት ሠሪ ሽቴፋን ፋርፍለር በ1655 በእጅ የሚዞር ባለ ሦስት ጎማ ለራሱ ሠርቶ ነበር። ኮቨንትሪ ግን ነገሩን ለገበያ አበቃችው፤ በገበያ ላይ ሲበዛም ችግሩ ገሃድ ወጣ።

ችግሩ መታጠፊያ ላይ ነው። ተሽከርካሪ ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ዘንግ ላይ ተጣብቀው እኩል ከዞሩ አንደኛው መሬቱን እየፋቀ ይንሸራተታል፤ ነጂውንም መሪው እንቢ ይለዋል። ለዚህ ሦስት ዐይነት መልስ ተገኘ። አንደኛው ኃይሉን ለአንድ ጎማ ብቻ መስጠትና ሌላውን በነፃ እንዲሽከረከር መተው ነው። ሁለተኛው ሁለቱንም እየነዱ፣ የሚፈጥነው ጎማ በመንጠቆ ጥርስ ራሱን እንዲያላቅቅ ማድረግ ነው። ሦስተኛውና ብልሁ መካኒኮቻችን ዲፈረንሻል የሚሉት ነው፤ ጥርሶቹ ኃይሉን ለሁለቱም ጎማ እያካፈሉ ፍጥነታቸው እንዲለያይ ይፈቅዳሉ። ስታርሊ ለዚህ በ1877 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከልጁ ከዊልያም ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲነዱ የልጁ ጉልበት በርትቶ ተሽከርካሪውን ከመንገድ እያስወጣው ሐሳቡ እንደመጣለት ይነገራል። ዛሬ ባጃጅ ጠባብ ቅያስ ላይ ሲታጠፍ የኋላ ጎማዎቹ ሳይፋቁ የሚዞሩት በዚሁ መፍትሔ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። የመጀመሪያው፣ ዲፈረንሻልን ፈረንሳዊው ፔኬር በ1820ዎቹ መጨረሻ ለእንፋሎት ሠረገላ አስመዝግቦት ስለነበር ለስታርሊ ክብር መስጠት አይገባም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ቀዳሚው እሱ ነው። ነገር ግን በጥቂት ሠረገላ ላይ የቀረ ሐሳብና በሰንሰለት የሚዞር፣ በሰው እግር ጉልበት የሚሠራ፣ በየመንገዱ የታየ መሣሪያ አንድ አይደሉም። ካርል ቤንዝ በ1886 የፈጠራ መብት ያገኘበት መኪናም ባለ ሦስት ጎማ ነበር፤ ዲፈረንሻልም ነበረው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ባለ ሦስት ጎማ የአረጋውያን መንሸራሸሪያ እንጂ የብስክሌት ታሪክ ዋና ግንድ አይደለም ይላል። በ1885 የስታርሊ የወንድም ልጅ ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሁለት ተቀራራቢ ጎማ ያለውን ሮቨር ሲያወጣ ገበያው ወደዚያ መሄዱ አይካድም። ከዚያ በፊት ግን ንግሥት ቪክቶሪያ በ1881 ሳልቮ የሚባሉ ሁለት ባለ ሦስት ጎማዎች አዝዛ ነበር። በ1878 የተመሠረተው የእንግሊዝ የብስክሌት ተጓዦች ክበብ በ1883 ስሙን የቀየረው ባለ ሦስት ጎማ ነጂዎችን ለማካተት ነው። ቤልፋስት ውስጥ የእንስሳት ሐኪሙ ጆን ደንሎፕ በአየር የሚነፋውን ጎማ በ1880ዎቹ መጨረሻ የሞከረው በልጁ ባለ ሦስት ጎማ ላይ ነው። ግንዱን ያለማው ይህ ቅርንጫፍ ነው።

ገበያው ከሸሸ በኋላ የሆነው ነገር ለዛሬው ገዢ ይበልጥ ይጠቅማል። በሃያኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ባለ ሦስት ጎማን የያዙት ጥቂት ነጂዎችና ትንንሽ ወርክሾፖች ናቸው፤ በ1920ዎቹ መጨረሻ የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው እሽቅድምድም አደረጉበት። ሂጊንስን የመሰሉ ሠሪዎች ሙሉ ብስክሌት ከመሥራት ሌላ፣ በተራ ብስክሌት የኋላ ጫፍ ላይ በቡሎን የሚታሰር ባለ ሁለት ጎማ አክስል ለብቻው ይሸጡ ነበር። እንግዲህ የቴላዮው ስም አንድ፣ የአክስሉ ሌላ፣ ዓመታቸውም የተለያየ ሊሆን ይችላል። ከፊት ምልክቱን ብቻ አንብቦ «ይህ የእገሌ ፋብሪካ ባለ ሦስት ጎማ ነው» ያለ ሰው ያ ፋብሪካ ያልሠራውን እንደ ሠራ ይመሰክርለታል። አክስሉ ከቴላዮው ጋር በነሐስ ብየዳ ተያይዟል ወይስ በቡሎን ታስሯል? የሚነዳው አንድ ጎማ ነው ወይስ ሁለቱም? የኋላ ጎማዎቹን ከፍ አድርጎ ፔዳሉን ማዞር ሁለተኛውን ጥያቄ ይመልሳል።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ምስክሮች ይጠሩ። የኖቲንግሃሙ ስተርሚ አርቸር ከ1930ዎቹ ጀምሮ በማርሽ ሞዞዎቹ ላይ የተሠሩበትን ዓመት ይቀርጽ ነበር፤ «58» የሚል ካለ 1958 ነው። ቴላዮው ላይ የሬይኖልድስ 531 የብረት ቱቦ ምልክት ካለ ከ1935 አይቀድምም። የፔዳሉ ማዞሪያ የሚገባበት ጥርስ በኢንች 26 ከሆነ የራሌይ ፋብሪካ ልማድ ነው፤ ሌሎቹ እንግሊዞች በ24 ይሠሩ ነበር። አሜሪካዊው ሽዊን ደግሞ ከ1965 ጀምሮ የቴላዮውን መለያ ቁጥር የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ለወርና ለዓመት አድርጓቸው ነበር። ሞዞ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል የሚል ካለ ልክ ነው፤ ስለዚህ አንድ ምስክር አይበቃም። የሚጋጩ ዓመታት ግን ስሕተት ናቸው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚነግሩን ባለቤቱ መቼ እንደ ጠገነው ነው።

እድሳቱም ይህን መከተል አለበት። ቴላዮውን በአሸዋ ነፍቶ፣ ክሮሙን አስነክሮ፣ አዲስ ቀለም መቀባት ዕቃውን ያሳምረዋል፤ የተቀረጸውን ቁጥር በቀለም ይሞላል፤ የጥንቱን የስም ተለጣፊም ይዞት ይሄዳል። ዝገት ይበላዋል፣ ለሚነዳውም ሰው አደጋ ነው የሚለው ሙግት ክብደት አለው። እንግሊዛዊው ባለ ሦስት ጎማ ብዙውን ጊዜ ሁለት ፍሬኑን የሚሸከመው የፊት ጎማው ብቻ ስለሆነ በፍሬን መቀለድ አይቻልም። ግን እዚህ ልዩነት አለ። የፍሬን ጎማና ገመድ፣ ኩሽኔታ፣ ካቴና፣ ካላማዳሪ ለመበላት የተሠሩ ናቸው፤ ያለ ሐዘን ይቀየሩ። ጎማ ሲገዛም ጥንቃቄ ይሻል፦ «26» የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የጥንቱ እንግሊዛዊ ጎማ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር 590 ሚሊሜትር ሲሆን የተራራ ብስክሌቱ «26» ግን 559 ነው። ቀለሙ፣ የተቀረጸው ቁጥርና የአክስሉ አካል ግን ሲጠፉ የሚተካቸው የለም። ዝገቱን በዘይትና በስስ የብረት ሱፍ ማስታገስ፣ የተረፈውን ቀለም በሰም መሸፈን ይቻላል። የተሰነጠቀ ብየዳ ካለ ስንጥቁ ብቻ ይበየድ፣ የተቃጠለው ቦታ ብቻ ይቀባ። አክስሉ ሲፈታ የቀኝና የግራው ክፍል ለየብቻ ይቀመጥ፤ እያንዳንዱ ቀለበት በምን ተራ እንደ ገባ በፎቶ ይያዝ፤ ግራሶው ከመጠረጉ በፊትም ከሥሩ ቁጥር እንዳለ ይታይ። የወጡት አሮጌ ክፍሎች የተቀየሩበት ቀን ተጽፎባቸው በከረጢት ከብስክሌቱ ጋር ይቀመጡ፤ ቀጣዩ ገዢም ያንኑ አክስል ፈትቶ ሊያነብ ነውና።