ያገለገለ አውሮፕላን ምርጫ ለረጅም ርቀት በረራ፦ ከልደታ ሜዳ እስከ ግላይደር

ያገለገለ አውሮፕላን ምርጫ ማለት ሌላ ባለቤት ያበረረውን አውሮፕላን ከመግዛት በፊት ለሚበርበት አገር፣ ለሚያርፍበት ሜዳና ለሚጠግነው ባለሙያ ይስማማ እንደሆነ መመዘን ነው። ጥያቄው ለአየር መንገድም ሆነ ያለ ሞተር፣ ወደ ላይ በሚወጣ ሞቃት አየር ብቻ አገር ለሚያቋርጥ የግላይደር አብራሪ አንድ ነው። ብዙ ገዢ የሚጀምረው በወረቀት ላይ ከሰፈረው ብቃት ነው፤ የትኛው ይፈጥናል፣ የትኛው ይርቃል ብሎ ይጠይቃል። በአዲስ አበባ የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ የታየው ግን ይህ ቅደም ተከተል በደጋ አገር መገልበጥ እንዳለበት ነው። መጀመሪያ ሜዳው፣ ቀጥሎ ጥገናው፣ ብቃቱ በመጨረሻ ይመጣል። ይህ መጣጥፍ የልደታን ታሪክ እንደ ማስረጃ ወስዶ ያንኑ ሚዛን ሞተር በሌለው አውሮፕላን ላይ ይፈትነዋል።

የልደታ ሜዳና የ1938ቱ ግዢ

አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያየችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ ሥሪት ሲያርፍባት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. አየር መንገድ ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቁሞ ሥራ የጀመረው ደግሞ በ1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያኔ በእጁ የነበሩት አምስት አውሮፕላኖች በሙሉ ያገለገሉ ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተርፈው ከአሜሪካ መንግሥት የተገዙ ዳግላስ ሲ-47 ናቸው። የመጀመሪያው መደበኛ በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946) ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ ገባ። የአውሮፕላኖቹ ውስጠኛ ክፍል የተሠራው ለወታደርና ለስንቅ ነበር። መቀመጫው በግራና በቀኝ ግድግዳ ተደግፎ የተዘረጋ አግዳሚ ስለነበር ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት እየተያዩ ይጓዛሉ፣ ጭነቱም በመካከላቸው ወለሉ ላይ ይታሰራል። ምቾት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ነገር ግን ይኸው አውሮፕላን መንገድ ወዳልደረሰባቸው የጠቅላይ ግዛት ከተሞች ሣር በለበሱ ሜዳዎች ላይ እያረፈ ለአሥርት ዓመታት አገለገለ።

ምርጫው ለምን እንደሠመረ ለመረዳት አየሩን ማየት ይበቃል። ልደታ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ በመደበኛ የከባቢ አየር ስሌት የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 79 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። በበጋ እኩለ ቀን ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 72 በመቶ ይወርዳል፤ አውሮፕላኑ ከ3,200 ሜትር በላይ ካለ ሜዳ የሚነሣ ያህል ይቆጠራል። ክንፍ በሳሳ አየር ውስጥ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በበለጠ ፍጥነት መሄድ አለበት። በ79 በመቶ እፍጋት የሚያስፈልገው እውነተኛ ፍጥነት 12 በመቶ ይጨምራል፤ የማረፊያ ርቀት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ ሩብ ያህል ይረዝማል። የመነሻው ርቀት ደግሞ ሞተሩም ጉልበት ስለሚያጣ ከዚያ በባሰ መጠን ይጨምራል። ሲ-47 ሰፊ ክንፍ፣ ዝቅተኛ የማረፊያ ፍጥነትና አየር የሚያምቅ ሱፐርቻርጀር የተገጠመላቸው ሁለት ሞተሮች ስለነበሩት ይህን ቅጣት ከብዙ አቻዎቹ በተሻለ ተሸከመው።

ሁለተኛው ምክንያት ጥገና ነው። የሲ-47 ዓይነት አውሮፕላን ከ10,000 በላይ ተሠርቷል፤ ያንቀሳቀሰው የፕራት ኤንድ ዊትኒ አር-1830 ሞተር ደግሞ ከ170,000 በላይ። ከጦርነቱ በኋላ መለዋወጫው በካይሮም፣ በናይሮቢም፣ በአውሮፓም ይገኝ ነበር፤ መካኒኩም እንዲሁ። አንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ የያዘ ጀማሪ አየር መንገድ አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ አንድ ዓይነት የጥገና መመሪያና አንድ ዓይነት ሥልጠና ይበቃዋል። የአየር መንገዱ ኢትዮጵያዊ አብራሪ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 በአዛዥነት ያበረሩት ይህንኑ የዳግላስ ዓይነት ነበር። አውሮፕላኑ ሰው ጭኖ ብቻ አልቀረም፤ የአገሬውን ባለሙያ አፍርቷል።

የመጀመሪያዎቹ ተቃውሞዎች

ሲ-47 የተገዛው ተመርጦ ሳይሆን ርካሽና በብዛት ስለተገኘ ነው የሚል መከራከሪያ ይነሣል። ርካሽ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከጦርነቱ የተረፈው እሱ ብቻ አልነበረም። ኩርቲስ ሲ-46 የተባለው የጭነት አውሮፕላን ከ3,000 በላይ ተሠርቶ ነበር፤ እያንዳንዳቸው 2,000 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች ነበሩት፣ የሚሸከመውም ከሲ-47 በእጅጉ ይበልጣል። በወረቀት ላይ ብልጫው የእሱ ነው። ሆኖም ከብዶ የሚያርፍ፣ ነዳጅ የሚያበዛ፣ በሂማላያ ተራሮች ላይ ሲያገለግልም ጥገና በብዛት የሚጠይቅ መሆኑ የታወቀ አውሮፕላን ነበር። ርካሽነት ብቻ መመዘኛ ቢሆን ኖሮ ለአንድ ብር ብዙ ጭነት የሚያነሣው ይሻል ነበር። በደጋ ሜዳና በጥቂት መካኒክ ለሚተዳደር ድርጅት ግን የግዢ ዋጋ የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። አውሮፕላንን በሜዳ ልክ መምረጥ ዕድገትን ያስራል፤ ልደታ ራሱ መተው ነበረበት ይባላል። አየር መንገዱ በ1943 ዓ.ም. ኮንቬር 240ን አስገብቶ ከጦርነት ትራፊ ወደ ዘመናዊ አውሮፕላን ተሸጋገረ። ቦይንግ 720 ለመግዛት ሲወሰን ግን የልደታ ማኮብኮቢያ ለጄት እንደማይበቃ ታወቀ፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተሠርቶ ጄቶቹ በ1955 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመሩ። ልደታ ለጦር ሠራዊት ቀረ፤ አካባቢው እስከ ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት ይባላል። ይህ ታሪክ መመዘኛውን ያጸናዋል እንጂ አያፈርሰውም። ጄቱ በልደታ ላይ በግድ እንዲያርፍ አልተደረገም፤ አስቀድሞ ሜዳው ተለወጠ። ሜዳ ሊለውጥ የሚችል ሰው አውሮፕላኑንም መለወጥ ይችላል፤ ሜዳ መሥራት የማይችል ሰው፣ የግላይደር አብራሪም ከነዚህ አንዱ ነው፣ ባለው ሜዳ መወሰን አለበት።

ሞተር በሌለው አውሮፕላን ሲፈተን

በግላይደር ገበያ የሚገኙት ያገለገሉ ዓይነቶች በግምት በሦስት ይከፈላሉ። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠሩት እንደ ሽላይኸር ካ-6 ያሉ የእንጨት ግላይደሮች ከአንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። ስታንዳርድ ሲረስ፣ ግሮብ አስቲርና ኤል.ኤስ.4ን የመሰሉት ባለ 15 ሜትር ክንፍ የፋይበርግላስ ሥሪቶች ከ37 እስከ 40 ይደርሳሉ። እንደ ኤ.ኤስ.ደብሊው.20 ያሉት ተንቀሳቃሽ የኋላ የክንፍ ጠርዝ (ፍላፕ) ያላቸው ደግሞ 42 ገደማ ይደርሳሉ። ገዢዎች አብዝተው የሚከራከሩት በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ነው።

ቁጥሩን ግን ወደ ሰማይ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል። አንዱ ግላይደር 38፣ ሌላው 42 ቢኖረው፣ ሁለቱም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየበረሩ በሰከንድ አንድ ሜትር በሚወርድ አየር ውስጥ ቢገቡ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ የመጀመሪያው 16 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ሁለተኛው 17 አይሞላም። በወረቀት የነበረው የ4 ኪሎ ሜትር ብልጫ ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች ይሆናል። የሚወርድ አየር ደግሞ በተራራና በሸለቆ አገር የዘወትር ነገር ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ ለማቋረጥ የሚያስብ አብራሪ ከ1,000 ሜትር በላይ የጠለቀ ገደል ከሥሩ አለበት፤ እዚያ ውስጥ ማረፊያ የለም። የሚያሻግረው በቂ ከፍታ ይዞ መነሣቱና በጊዜ ለመመለስ መወሰኑ ነው። የአራት ነጥብ ልዩነት ያንን ውሳኔ አይተካለትም።

የሳሳው አየር ለግላይደርም አያዝንም። የመንሸራተት ምጣኔው፣ ማለትም ከአንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚሄደው ርቀት፣ በእፍጋት ምክንያት ብዙም አይለወጥም፤ ነገር ግን ሳይታሰብ በእርሻ ላይ ሲያርፍ መሬቱን የሚነካው 12 በመቶ ወይም በላይ በጨመረ ፍጥነት ነው። በበጋ የጤፍ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ የበቾ ሜዳ ሰፊና ገላጣ ነው፤ በክረምት ግን ጥቁር አፈሩ ጎማ ይውጣል። በእርከን የተከፋፈለ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሜዳው ገና ሳይጀመር ያልቃል። ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የአየር ፍሬኑ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ፣ ግላይደሩ በዝግታ ሲበር ጠባዩ እንዴት እንደሆነና ጎማው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው። ኤል.ኤስ.4 ተወዳጅ የሆነው በዚሁ የጠባይ ልስላሴ ነው። ስታንዳርድ ሲረስ ሙሉው የጅራት ክንፉ ስለሚንቀሳቀስ ለጀማሪ እጅ ስስ ነው። ኤ.ኤስ.ደብሊው.20 በማረፊያ ፍላፑ በአጭር ሜዳ ላይ ሊወርድ ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ የሚጠቀመው የለመደው ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ መዝገቡ ይመጣል። ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ ሁለት አንድ ዓይነት ግላይደሮች በዋጋ ተቀራርበው በጤና ሊራራቁ ይችላሉ። ብዙ የፋይበርግላስ ሥሪቶች መጀመሪያ 3,000 የበረራ ሰዓት ተወስኖላቸው በኋላ በተደነገገ ምርመራ ዕድሜያቸው ተራዝሟል፤ ያ ምርመራ መደረጉን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ሰዓቱ ትርጉም የለውም። የክንፉን ገጽ በጥፍር ሲዳስሱት የሚሰማ ስንጥቅ ጄልኮቱ (የፋይበርግላሱ የላይ ሽፋን) እያለቀ መሆኑን ይናገራል። አሮጌ ግላይደርን በአዲስ ጄልኮት መሸፈን የግላይደሩን ዋጋ የሚያህል ሊያስወጣ ይችላል፤ የደጋ ፀሐይም ይህን ጉዳት ያፋጥነዋል። የክንፍ መገጣጠሚያ ፒኖች ልቅነት፣ የመሪ ዘንጎች ላላ ማለት፣ የቀድሞ አደጋ ጥገና በማን እንደተፈረመ፣ ግላይደሩ የሚጓጓዝበት ተሳቢ ውኃ ያስገባ እንደሆነ፣ ሁሉም ከመንሸራተት ምጣኔው በፊት የሚታዩ ናቸው።

የመጨረሻው ተቃውሞ

ልምድ ያላቸው አብራሪዎች በትክክል የሚያነሡት ነጥብ አለ፤ ሩቅ መሄድ ፍጥነት ይጠይቃል፣ በተቃራኒ ነፋስ ላይ ከባዱና ስሉ ክንፍ ያሸንፋል፣ ለዚያም ነው ተወዳዳሪዎች በክንፋቸው ውኃ የሚጭኑት። በደቡብ አፍሪካና በናሚቢያ 1,000 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚበረረው በእንዲህ ያሉ አውሮፕላኖች ነው። ይህ ክርክር ረጅም ማኮብኮቢያ፣ ጉልበተኛ ጎታች አውሮፕላንና በእርሻ ላይ ያረፈውን ፈልጎ የሚያመጣ ቡድን ላለው ሰው ይሠራል። በከፍታ ሜዳ ላይ ግን ውኃ የጫነ ግላይደርን የሚጎትተው አውሮፕላን ራሱ ጉልበቱን ያጣ ነው፤ የመነሻው መንገድ ለሁለቱም ይረዝማል። እነዚያ ነገሮች ሲሟሉ ብቃት ወደ ፊት ይምጣ፤ ሳይሟሉ ማስቀደሙ አደጋን በውድ ዋጋ መግዛት ነው።

ስለዚህ ፍርዱ ግልጽ ነው። ያገለገለ ግላይደር ለመግዛት የሚያስብ ሰው የሚያርፍበትን ሜዳ ከፍታና ርዝመት ጽፎ ይጀምር፤ ቀጥሎ የዓይነቱን መለዋወጫና ጠጋኝ የት እንደሚያገኝ ያረጋግጥ፤ የጥገና መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ያንብብ፤ ከዚህ ካለፉት መካከል ብቻ ሩቅ የሚሄደውን ይምረጥ። በ1938 ዓ.ም. ከልደታ የተነሡት አምስት ሲ-47ዎች በዘመናቸው ከነበሩት ሁሉ ፈጣኖቹ አልነበሩም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው ግን በእነሱ ላይ ነው።