የሆርሞን ምትክ እንክብልና በማረጥ እድሜ የሚገኙ የድሬዳዋ ሴቶች

ድሬዳዋ ሙቀት የማይለያት ከተማ ናት። ከባህር ጠለል በላይ 1 ሺህ 200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ በተለይ በግንቦትና በሰኔ ወራት የቀትር ሙቀቷ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚደርስበትና የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ትኩሳት የሚያስከትሉ በሽታዎችም በተደጋጋሚ ተከስተውባታል። በ2006 ዓ.ም የደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም የቺኩንጉንያ፣ በ2014 ዓ.ም ደግሞ የወባ ወረርሽኝ ታይቶባታል። በመሆኑም በ40ዎቹ እድሜ መጨረሻ ላይ የምትገኝ የከተማዋ ነዋሪ ድንገት ሰውነቷ ሲግል፣ ፊቷና አንገቷ በላብ ሲጠመቅ፣ ሌሊት አንሶላዋ ረጥቦ ስትነቃ በቅድሚያ የአየሩን ሙቀት ወይም ወባን ብትጠረጥር አያስገርምም። የወር አበባ መቋረጥ ዘመን መቃረቡ በቀላሉ ሊዘነጋ የሚችል ምክንያት ነው።

ሁለቱን ለመለየት ቴርሞ ሜትር ይረዳል። ከማረጥ ጋር የተያያዘው የሙቀት ወላፈን ከደረት ወይም ከፊት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ልብን ያስመታል፣ ያልባል፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሲያልፍም ብርድ ብርድ ሊያሰኝ ይችላል። ሆኖም የሰውነት ሙቀት ሲለካ በአብዛኛው ጤናማ ሆኖ ይገኛል። የወባ ትኩሳት ግን በቴርሞ ሜትር የሚታይና ለሰአታት የሚቆይ ሲሆን፣ በደም ምርመራ ይረጋገጣል። የሌሊት ላብ ከሳልና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል።

አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ ያለ ሌላ ምክንያት ለተከታታይ 12 ወራት ሲቋረጥ ነው። በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ይህ የሚሆነው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው እድሜ ውስጥ ነው። ቃሉ በአማርኛ መካንነትንና እርጅናን የሚያስታውስ በመሆኑ ብዙዎች በአደባባይ ሊጠሩት አይወዱም፤ ችግሩ ሳይነገር ከሚቆይባቸው ምክንያቶችም አንዱ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። በአሜሪካ በሴቶች ላይ ለረጅም ዓመታት የተካሄደ ክትትል እንዳመለከተው፣ ተደጋጋሚ የሙቀት ወላፈን ካላቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ስሜቱ ከሰባት ዓመት በላይ ይቆይባቸዋል። ስለሆነም ጉዳዩ በጥቂት ወራት ትእግስት የሚታለፍ አይደለም።

የሆርሞን ምትክ ህክምና በእንቁላል ማምረቻ እጢዎች መዳከም ምክንያት የቀነሰውን ኢስትሮጅን የተሰኘ ሆርሞን በመድሃኒት መልክ መስጠት ነው። በየቀኑ የሚዋጠው እንክብል የቆየውና በስፋት የሚታወቀው ዓይነት ነው። ማህፀኗ ያለ ሴት ኢስትሮጅን ብቻውን ከወሰደች የማህፀን ግድግዳ ከመጠን በላይ ሊወፍርና ወደ ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል፣ ፕሮጄስትሮን ወይም መሰሉ አብሮ ይታዘዝላታል። ማህፀኗ በቀዶ ህክምና የወጣ ሴት ግን በአብዛኛው ኢስትሮጅን ብቻ ይበቃታል።

እንክብሉን ከወሊድ መከላከያ ክኒን ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። ሁለቱም ሆርሞን ቢሆኑም የምትክ ህክምናው መጠን ዝቅተኛ በመሆኑ እርግዝናን አይከላከልም። የወር አበባዋ ገና ወጣ ገባ የሚል ሴት ይህን ሳታውቅ ብትቀር ያላሰበችው እርግዝና ሊያጋጥማት ይችላል። በሌላ በኩል የ2008 ዓ.ም የኢትዮጵያ ስነ ህዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ካገቡ ሴቶች መካከል የወሊድ መከላከያ ክኒን ተጠቃሚዎቹ 2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ 23 በመቶዎቹ መርፌን መርጠዋል። ሆርሞንን በየእለቱ መዋጥ ለብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ሴቶች አዲስ ልማድ መሆኑን ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

የምትክ ህክምናው በአገሪቱ በስፋት ያልተለመደ በመሆኑ፣ በጽሁፍ የተመዘገበው የተጠቃሚዎች ተሞክሮ በአብዛኛው የውጭ አገር ሴቶች ነው። ተሞክሮው የሚጀምረው በመጠበቅ ነው። የሙቀት ወላፈኑ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቀነስ ቢጀምርም ሙሉ ውጤቱን ለማየት እስከ ሶስት ወር ሊወስድ ይችላል። በነዚሁ ሶስት ወራት ውስጥ የጡት መወጠርና ህመም፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መነፋት፣ ራስ ምታትና ጠብ ጠብ የሚል ደም ያጋጥማል። በተለይ ደሙ ያስደነግጣል። የወር አበባዋን የተሰናበተች ሴት መልሳ ደም ስታይ መድሃኒቱ እየጎዳት እንደሆነ አስባ ልታቆም ትችላለች። በመጀመሪያዎቹ ከሶስት እስከ ስድስት ወራት የሚታይ ጥቂት ደም የሚጠበቅ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ከቀጠለ ወይም ቆሞ ከነበረ በኋላ ከመጣ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል። ይህ አስቀድሞ የተነገራት ሴት ህክምናውን ለመቀጠል እንደምትበረታ ግልጽ ነው።

ማቅለሽለሹን እንክብሉን ከምግብ ጋር በመውሰድ መቀነስ ይቻላል። ተፈጥሯዊውን የሚመስለው ፕሮጄስትሮን የሚያንቀላፋ በመሆኑ በመኝታ ሰአት ይወሰዳል፤ እንቅልፍ ያጡ ሴቶች ይህን እንደ በጎ ጎን ይቆጥሩታል። በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ በመሆኑም በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ፣ በኦርቶዶክስ አጽዋማት ደግሞ ጾሙ ሲፈታ ሰአቱን አስተካክሎ መውሰድ አያስቸግርም። እስልምናና ክርስትና ጎን ለጎን በሚኖሩባት ድሬዳዋ የመድሃኒቱ ምንጭ ጥያቄ ቢያስነሳም ተገቢ ነው። ኮንጁጌትድ ኢስትሮጅን የሚባለው ዓይነት ከእርጉዝ ፈረሶች ሽንት የሚገኝ ሲሆን፣ ኢስትራዲዮል የተሰኘው ግን በአብዛኛው ከእጽዋት በተገኘ ንጥረ ነገር ይሰራል። የሀይማኖት ጥያቄ ያላት ሴት ሁለተኛውን እንዲያዝላት ሀኪሟን መጠየቅ ትችላለች።

ውጤቱን በተመለከተ 24 ጥናቶችን ያጠቃለለና እ.ኤ.አ በ2004 የወጣ ግምገማ፣ ህክምናው የሙቀት ወላፈንን ድግግሞሽ ከማስመሰያ እንክብል ጋር ሲነጻጸር በ75 በመቶ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ማስመሰያውን ከወሰዱት መካከልም ድግግሞሹ ከግማሽ በላይ ቀንሶ መገኘቱ፣ የተሻሉም ሆነ ያልተሻሉ ሴቶችን ምስክርነት በጥንቃቄ መስማት እንደሚገባ ያሳያል።

ህክምናው ለረጅም ጊዜ የተፈራበት ምክንያት እ.ኤ.አ በ2002 በአሜሪካ የተቋረጠው ሰፊ ጥናት ነው። ጥናቱ ማህፀን ያላቸውን 16 ሺህ 608 ሴቶች ያካተተ ሲሆን፣ ኮንጁጌትድ ኢስትሮጅንና ሰው ሰራሽ ፕሮጄስትሮን አጣምረው ከወሰዱ 10 ሺህ ሴቶች መካከል በዓመት 8 ተጨማሪ የጡት ካንሰር፣ 8 ተጨማሪ የአእምሮ ደም ስር በሽታና 8 ተጨማሪ የሳንባ ደም መርጋት ታይቷል። በአንጻሩ የዳሌ አጥንት ስብራት በ5፣ የአንጀት ካንሰር በ6 ቀንሷል። ዜናው ሲሰራጭ በየአገሩ እጅግ ብዙ ሴቶች እንክብላቸውን ጣሉ። በዚያን ጊዜ በቂ ትኩረት ያላገኘው፣ የተሳታፊዎቹ አማካይ እድሜ 63 ዓመት የነበረ መሆኑ ነው። በኋላ የተደረጉ ትንተናዎች እንዳሳዩት፣ ከ60 ዓመት በታች ላሉ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው ጤናማ ሴቶች ጥቅሙ በአብዛኛው ከጉዳቱ ያመዝናል። የአሜሪካ የምግብና መድሃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2025 ከነዚህ መድሃኒቶች ማሸጊያ ላይ ዋናውን የማስጠንቀቂያ ጽሁፍ የማንሳት ሂደት መጀመሩን አስታውቋል። ይህ ማለት ግን አደጋው ፈጽሞ ጠፍቷል ማለት አይደለም።

በተለይ በእንክብል የሚወሰድ ኢስትሮጅን ከአንጀት በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚያልፍ ደም የሚያረጉ ንጥረ ነገሮችን ያበዛል። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ወይም የሚቀባው ዓይነት በተለመደው መጠን ይህን ችግር እንደማያስከትል ጥናቶች ይጠቁማሉ፤ ላብ በበዛበት አየር ግን የሚለጠፈው ሊላቀቅ ይችላል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ያጋጠማት፣ የጉበት በሽታ ያለባት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት ሴት እንክብሉን መጀመር አይገባትም። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም የማህፀን ወይም የማህፀን በር ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ምርመራው መቅደም አለበት። ለነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድሃኒቶችና እንደ ኤፋቪሬንዝ ያሉ የኤች አይ ቪ መድሃኒቶች የሆርሞኑን ኃይል ይቀንሳሉ። የእንቅርት ሆርሞን ክኒን የምትወስድ ሴትም መጠኑ ሊስተካከልላት ይችላል። እንክብሉ በዘመድ እጅ ከውጭ አገር ቢመጣ እንኳ ያለ ሀኪም ትእዛዝ መወሰድ የሌለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳዩ ለመስሪያ ቤቶች እንግዳ ሊሆን አይገባም። የመንግስት ሰራተኛ የጡረታ መውጫ እድሜ 60 ዓመት በመሆኑ፣ በ48 ዓመቷ ምልክቱ የጀመራት ሰራተኛ ገና 12 የአገልግሎት ዓመታት ይቀሯታል። እነዚህ ብዙ ልምድ ያካበተችባቸው፣ ለሀላፊነት የምትታጭባቸውም ዓመታት ናቸው። ሌሊቱን በላብ ተጠምቃ ያደረች ሰራተኛ በማግስቱ ስብሰባ ላይ ብትፈዝ ስንፍና ተደርጎ ሊወሰድባት ይችላል። በመስኮት ወይም በቬንቲሌተር አጠገብ ማስቀመጥ፣ የመጠጥ ውሃ ማቅረብ፣ ረዣዥም ስብሰባዎችን በእረፍት መከፋፈልና ለህክምና ቀጠሮ ምክንያቱን ሳይመረምሩ ፈቃድ መስጠት ለአንድ የስራ ሂደት መሪ የበጀት ጥያቄ አይደሉም።

ሆርሞን መውሰድ ለማትችል ወይም ለማትፈልግ ሴት ሌሎች አማራጮች አሉ። አንዳንድ የድብርት መድሃኒቶች በአነስተኛ መጠን ወላፈኑን ይቀንሳሉ። ትኩስ ቡና፣ ሆጃና በርበሬ የበዛበት ምግብ የሚቀሰቅስባት ሴት ልትቀንሳቸው ትችላለች። ጫት የሚቃም ከሆነ እንቅልፍን የበለጠ ያሳጣል። በድሬዳዋ ሴቶች ዘንድ የተለመደው ስስ ድሪያም ለሌሊቱም ለቀኑም ይመቻል።

እንክብሉ በቆርቆሮ ጣሪያ ስር በሚግል ክፍል ውስጥ ሳይሆን በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው የሙቀት መጠን በማያልፍ ደረቅ ቦታ መቀመጥ አለበት። ህክምናው ከተጀመረ ከሶስት ወር በኋላ፣ ከዚያም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሀኪም ዘንድ ቀርቦ የደም ግፊትን መለካትና መቀጠል ማስፈለጉን መመርመር ይገባል። ሲቆም ወላፈኑ ግማሽ ያህል በሚሆኑት ሴቶች ላይ ሊመለስ ስለሚችል፣ መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ የሚመርጡ ሀኪሞች አሉ።